ቤት ብንውልም ራሳችንን አንጥል

መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የኮሮና በሽታ አገራችን መግባቱ ተነገረ። ትምህርት ቤቶች ተዘጉ። መጋቢት 30 ቀን የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ወጣ። መጨባበጥ ተከለከለ። ከ4 ሰው በላይ ሆኖ መሰብሰብም ተከለከለ። በባሕር ዳርና በሌሎች ጥቂት ከተሞች ሰው ለ14 ቀን ከቤቱ እንዳይወጣ ታዘዘ።

ያን ጊዜ ሠርግ ቀረ። ማኅበር ቀረ። እንግዳ ቀረ። እንዲህ ያለ ቀን ሲመጣ ሰው፣ «ታዲያ ለማን ብዬ ልበጠር? ማንስ ያየኛል?» ይላል። ጥያቄው ቀላል ይመስላል። ነገር ግን መልስ ይፈልጋል።

ለማን እንበጠር?

ሰው የሚታጠበው፣ የሚበጠረውና የሚቀባው ለእንግዳ ብቻ አይደለም። ለራሱም ነው። ቤት ተዘግቶ ሲዋል ቀኑ ሁሉ አንድ ይሆናል። ሰው ይተክዛል። ጠዋት ፊትን መታጠብ፣ ጥርስን መፋቅ፣ ጠጉርን ማበጠር ግን ቀኑን ያስጀምራል። ልጆችም እናትና አባታቸውን አይተው ይማራሉ። ስለዚህ ልማዱ አይቅር። አሠራሩ ግን ይለወጥ።

ሹሩባ

ሹሩባ ለመሠራት ብዙ ሰዓት ተጠጋግቶ መቀመጥ ያስፈልጋል። የሠሪዋና የተሠሪዋ ትንፋሽ ይገናኛል። ኮሮና ደግሞ በትንፋሽ ይተላለፋል። ይልቁንም በተዘጋ ቤት ውስጥ ይብሳል።

ምን ይደረግ? አብሮ የሚኖር ሰው ይሥራ። ጎረቤት፣ «እቴ፣ ነይ ሥሪኝ» ብትል፣ «እህቴ፣ ቀኑ ክፉ ነው፤ ልጅሽ ትሥራሽ፣ እኔ ከአጥሩ ማዶ ሆኜ ላሳያት» ማለት ይቻላል። ይህ መቀያየም አይደለም። መተሳሰብ ነው። ልጅቱም ሙያ ትማራለች። የግድ ሌላ ሰው ከሠራ ግን ደጅ ላይ፣ ጥላ ሥር ይሁን። ሁለቱም አፍና አፍንጫቸውን ይሸፍኑ።

እጅና ጥፍር

የኮሮና ቫይረስ ላዩ በስብ የተሸፈነ ነው። ሳሙና ያንን ስብ ያፈርሰዋል። የወጥ ቅባት ከሳሕን ላይ በሳሙና ሲለቅ አይታችሁ የለ? ነገሩ እንደዚያ ነው። እጅ ቢያንስ ለ20 ሰኮንድ ይታሻል። ሰዓት የለም? ቀስ ብላችሁ ከ1 እስከ 20 ቁጠሩ።

እጅ ሲታጠብ ከዋለ ይደርቃል፤ ይሰነጠቃል። ማታ ማታ ጥቂት ቅቤ ወይም ቫዝሊን ተቀቡ። እንሶስላ መሞቅም አይከለከልም። ግን ቀለም ንጽሕና አይደለም። እንሶስላ የሞቀ እጅም በሳሙና ይታጠባል። ቆሻሻ ከጥፍር ሥር ይደበቃልና ጥፍርን አሳጥሩ።

ኩልና ምላጭ

የኩል መኳያ የየራስ ይሁን። ትራኮማ የሚባለው የዓይን በሽታ በእጅ፣ በጨርቅና በዝንብ ይተላለፋል። ቶሎ ካልታከመ ያሳውራል። በአንዳንድ ኩል ውስጥ ደግሞ እርሳስ የሚባል መርዛማ ማዕድን ይገኛል። ስለዚህ ሕፃናትን አትኳሉ።

ወንዶችም እንዲሁ ናችሁ። ጸጉር አስተካካይ ጋ መሄድ ሲቀር ቤት ውስጥ መላጨት ይመጣል። አንድ ምላጭ ለሁለት ሰው አይሁን። ኤች.አይ.ቪ.ና የጉበት በሽታ በደም ይተላለፋሉ።

ወይባ ጢስ

ቤት መዋል ሲበዛ፣ «ጊዜ አለኝ፣ ልሙቅ» የምትል ትኖራለች። ወይባ መሞቅ ደስ ይላል። በሩን ዘግቶ መሞቅ ግን ይገድላል። ከፍምና ከሚጨስ እንጨት የሚወጣ አንድ መርዘኛ አየር አለ። ቀለም የለውም። ሽታ የለውም። ሰው ሳያውቀው ያዞረዋል፤ ራሱን ያስተዋል፤ ይሞታል። ስለዚህ በርና መስኮት ክፈቱ። ብቻችሁን አትሙቁ። ራስ ከከበደ፣ ሆድ ካጥወለወለ ፈጥናችሁ ወደ ደጅ ውጡ። ከሰል አቀጣጥሎ መተኛት ፈጽሞ አይገባም።

ከአያቶቻችን የተማርነው

በኅዳር ወር 1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ የተባለው ወረርሽኝ በአዲስ አበባ ብዙ ሰው ፈጀ። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ኅዳር 12 ቀን ሰው ሰፈሩን ይጠርጋል፤ ቆሻሻውን ያቃጥላል። «ኅዳር ሲታጠን» የሚባለው ይህ ነው። ክፉ ቀን ያልፋል። የጽዳት ልማድ ግን ከልጅ ወደ ልጅ ይሄዳል።

የዓለም ጤና ድርጅት ሚያዝያ 27 ቀን 2015 ዓ.ም. የኮሮና የአስቸኳይ ጊዜ ማብቃቱን አስታወቀ። በሽታው ግን ጨርሶ አልጠፋም። ሌላ ወረርሽኝም ሊመጣ ይችላል። «ከመታመም አስቀድሞ መጠንቀቅ» ይባል የለ? ማበጠሪያችንን፣ መኳያችንን፣ ምላጫችንን ዛሬውኑ እንለይ።

ተወያዩበት

1. በቤታችሁ ስንት ማበጠሪያ አለ? ስንት ሰውስ ይጠቀምበታል?
2. ወይባ ስትሞቁ በሩ ክፍት ነው ወይስ ዝግ?
3. ከቤተሰባችሁ ሹሩባ መሥራት የሚችል ማነው? ለማንስ ያስተምር?