ሰንሰለት አልባው ብስክሌት ለሩቅ መንገድ ይሆናል?

ብስክሌት የነዳ ሰው ሁሉ የሰንሰለትን ጣጣ ያውቀዋል። ሱሪ ያቆሽሻል፤ አቧራ ሲገባበት ይንቋቋል፤ ዘይት ካጣ ይዝጋል፤ አንዳንዴም ዳገት መሃል ወልቆ ነጂውን ባዶ ፔዳል ያስረግጠዋል። ይህን ሁሉ በአንድ ጊዜ ያስቀራል የተባለው መፍትሔ ከተፈለሰፈ ከ130 ዓመት በላይ ሆኖታል፤ በሰንሰለት ፈንታ ዘንግ የሚያዞረው ብስክሌት ነው። በከተማ መንገድ ላይ ወዳጆች አሉት። ጓዙን ከኋላ ጭኖ ለሳምንታትና ለወራት አገር ለሚያቋርጥ መንገደኛስ ይበጃል?

የመኪና ሆድ ዕቃ ያየ ሰው አሠራሩን ለመረዳት አይቸገርም። ከካምቢዮ የሚነሳው ዘንግ በዲፈረንሺያል ውስጥ ባሉት ኮሮናና ፒኞን በኩል ኃይሉን አጥፎ ለኋላ ጎማ ያደርሳል። እዚህም ፔዳሉ ሥር ያለ ሾጣጣ ጥርሳም ማርሽ ዘንጉን ያዞረዋል፤ ዘንጉ ሽፋን ለብሶ ወደ ኋላ ይዘልቅና ሌላ ጥንድ ማርሽ ጎማውን ያሽከረክራል። ኃይሉ ሁለት ጊዜ በ90 ዲግሪ ይታጠፋል ማለት ነው። ፍጥነት የሚቀያይሩት ማርሾች ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ በኋላ ጎማው ሞዞ ውስጥ ተዘግተው ይቀመጣሉ።

ሐሳቡ በእንግሊዝና በአሜሪካ በአንድ ሰሞን ብቅ አለ፤ በሁለቱም አገሮች የፈጠራ መብት የተሰጠው እ.ኤ.አ. በ1891 ነው። ፈረንሳይ ውስጥ ሜትሮፖል የተባለው ኩባንያ «አካቴን» የሚል ስም ሰጥቶ ሸጠው። በአሜሪካ የኮሎምቢያ ብስክሌቶች ባለቤት ኮሎኔል አልበርት ፖፕ ከ1897 ጀምሮ በሰፊው አስተዋወቀው። በ1899 በሞንትሪያል የዓለም ሻምፒዮን የሆነው ጥቁር አሜሪካዊ ብስክሌተኛ ሜጀር ቴይለርም በዚያ ዘመን ለፍጥነት ሙከራ ሰንሰለት አልባ ብስክሌት ተጠቅሟል። ነገር ግን ዋጋው ውድ ነበር፤ በጊዜው ከነጂው ጉልበት 8 በመቶ ያህሉ በማርሾቹ ውስጥ ይባክን ነበር። ብዙም ሳይቆይ ከገበያ ጠፋ።

በእኛ ዘመን ተመልሶ የመጣው ለከተማ ነው፤ የኮፐንሃገኑ ባዮሜጋ ከሠሪዎቹ አንዱ ነበር። ልብስ አይነካም፣ ዝናብና ጭቃ አይገባበትም፣ ብዙ ጥገና አይጠይቅም። ሜዳ በሆነ ከተማ ከቤት ወደ ሥራ ለሚመላለስ ሰው ከዚህ በላይ ምን ይፈለጋል? ጭነትና ርቀት ሲጨመሩ ግን ነገሩ ይለወጣል።

የመጀመሪያው ችግር የኃይሉ ዓይነት ነው። ዘንግ ለሞተር ሳይክል ጥሩ ሆኖ ሳለ ለብስክሌት ለምን አይሆንም? ቢ ኤም ደብልዩ በ1923 ባወጣው አር 32 ሞተር ሳይክል ላይ ዘንግ ገጥሟል፤ ዛሬም ይገጥማል። ሞተር ግን በደቂቃ በሺዎች የሚቆጠር ዙር ስለሚዞር ጉልበቱን በትንሽ በትንሹ ያቀብላል። ሰው ፔዳል የሚመታው በደቂቃ 60 ወይም 90 ጊዜ ብቻ ስለሆነ በእያንዳንዱ ዙር የሚያሳርፈው ጫና ከባድ ነው። 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው ቆሞ ፔዳሉን ሲረግጥ 100 ኒውተን ሜትር ያህል የመጠምዘዝ ኃይል ያሳርፋል። የዚያ የአር 32 ሞተር ራሱ የሚሰጠው ከዚህ አንድ አምስተኛውን ገደማ ነው። ሰንሰለት ይህን ጫና በፊተኛው ማርሽ ግማሽ ዙሪያ ላሉት ጥርሶች ያካፍለዋል። በዘንግ ብስክሌት ላይ ግን በአንድ ቅጽበት የሚነካኩት አንድ ወይም ሁለት ጥርሶች ብቻ ናቸው።

በዚህ ላይ ሾጣጣ ማርሾች ርቀታቸው ሳይዛነፍ መግጠም አለባቸው። በኋላ መጫኛው ላይ 30 ኪሎ ጓዝ ሲታሰርና መንገዱ ኮረኮንች ሲሆን ፍሬሙ ይላወሳል። ሰንሰለት ትንሽ መጣመምን ይችላል፤ ሾጣጣ ማርሽ አይችልም፤ ጥርሶቹ ይራራቃሉ፣ ከዚያም ይበላሉ።

ሁለተኛው ዳገት ነው። ከካይሮ ተነስተው ወደ ኬፕታውን የሚወርዱ ብስክሌተኞች በደጀን በኩል ዓባይ በረሃ ወርደው ወደ ጎሃ ጽዮን ሲወጡ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ሽቅብ ይጠብቃቸዋል። እንዲህ ባለ ቦታ ሰውም ጓዝም ተደምሮ 120 ኪሎ ሲሆን ፍጥነቱ በሰዓት ወደ 5 ኪሎ ሜትር ይወርዳል። የመንገደኛ ሰንሰለት ብስክሌት ከፊት ባለ 22፣ ከኋላ ባለ 34 ጥርስ ማርሽ ስላለው ፔዳሉ በደቂቃ 60 ጊዜ እየተመታ ቀስ ብሎ ይወጣል። በዘንግ ብስክሌት ላይ ከሚገጠሙት አንዱ የሺማኖ ኔክሰስ ባለ 8 ማርሽ ነው። ዘንጉ ፔዳሉ አንዴ ሲዞር ሞዞውን ሁለት ጊዜ የሚያዞር ከሆነ፣ በአንደኛ ማርሽ የኋላ ጎማው ከፔዳሉ ጋር እኩል ይዞራል። በዚያ ፍጥነት ፔዳሉ በደቂቃ 40 ጊዜ እንኳ አይመታም። ጉልበት ላይ የሚያርፈውን ጫና መገመት አያስቸግርም።

ሦስተኛውና ከሁሉ የሚከፋው ጥገና ነው። ጭነት የያዘ ብስክሌት በብዛት የሚሰበርበት የኋላ ጎማ ራጂ ነው። ራጂ ለመቀየር ወይም ጎማ ለመለወጥ ጎማውን ማውረድ ግድ ሲሆን፣ የዘንግ ብስክሌት ባለቤት ብሎኖች ፈትቶ፣ ሥራውን ሲጨርስም ማርሾቹን በትክክል መልሶ ማገናኘት አለበት። ከመነዳሪ ብቻ ከተነፈሰ ጎማውን ሳያወርዱ በቦታው መለጠፍ ይቻላል፤ ይህ ግን ሁሉንም አያድንም። የሰንሰለት መያዣ ቢበጠስ በኪስ በሚያዝ መፍቻና በመለዋወጫ መያዣ በደቂቃዎች ውስጥ ይቀጠላል፤ ሌላ ሰንሰለትም ቢሆን ብስክሌት ባለበት ከተማ ሁሉ ይገኛል። የተበላ ሾጣጣ ማርሽ ግን ከሠራው ኩባንያ ብቻ ነው የሚመጣው።

የዛሬዎቹ ማርሾች ከጥንቶቹ እንደሚሻሉ አይካድም። ሆኖም በ1999 በጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ በተደረገ ሙከራ ተራው ሰንሰለት ከሚቀበለው ኃይል እስከ 98.6 በመቶ ሲያደርስ ታይቷል። በ2018 የዴንማርኩ ሴራሚክስፒድ ከጥርስ ይልቅ ኳስ ኩሽኔታ የሚጠቀም ዘንግ አሳይቶ 99 በመቶ ያደርሳል ብሎ ነበር። ኩሽኔታዎቹ ለአየር የተጋለጡ ስለሆኑ ግን ለአቧራ መንገድ የታሰበ አልነበረም።

ከሰንሰለት ቅባት መገላገል የሚፈልግ ሩቅ ተጓዥ ሌላ አማራጭ አለው። የጀርመኑ ሮሎፍ ከ1998 ጀምሮ የሚሠራው ባለ 14 ማርሽ ሞዞ በዘይት ውስጥ ተዘግቶ የሚሠራ ሲሆን፣ ትልቁ ማርሽ ከትንሹ ከአምስት እጥፍ በላይ ይፈጥናል፤ የኔክሰሱ ሦስት እጥፍ ብቻ ነው። ከካርቦን ቺንጋ ጋር ሲገጠም ዘይት አይፈልግም፤ መለዋወጫ ቺንጋውም ሻንጣ ውስጥ ይገባል። ቺንጋ ተቆርጦ ስለማይቀጠል ግን ፍሬሙ የሚከፈት መሆን አለበት፤ ዋጋውም ቀላል አይደለም።

ስለዚህ ፍርዱ ግልጽ ነው። ዘንግ ያለው ብስክሌት ለአጭርና ሜዳማ የከተማ መንገድ ንጹሕ አገልጋይ ነው፤ ጓዝ ለተጫነበት ረጅም ጉዞ ግን አይመረጥም። ገንዘብ ያለው ቺንጋና የተዘጋ ማርሽ ይግዛ። የሌለው በተራው ሰንሰለት ይሂድ፤ ሲነሳ ግን ትንሽ ዘይት፣ መጥረጊያ ጨርቅ፣ የሰንሰለት መፍቻና ሁለት መለዋወጫ መያዣ አይርሳ።