የመንጋ በሽታን መከላከል ከትክክለኛ ምርመራ ይጀምራል

የቤት እንስሳት ለኢትዮጵያ አርሶ አደርና አርብቶ አደር የእርሻ ጉልበት፣ የምግብ ምንጭ፣ የገቢ መገኛና የክፉ ቀን መጠባበቂያ ናቸው። ተላላፊ በሽታ በመንጋ ውስጥ ሲገባ ይህን ሁሉ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ሊያሳጣ ይችላል። በሽታ ተቀሰቀሰ በተባለ ቁጥር ከየአካባቢው በቅድሚያ የሚቀርበው ጥያቄ አብዛኛውን ጊዜ «ክትባት ይላክልን» የሚል ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው። ይሁን እንጂ ከእርሱ በፊት ምላሽ ማግኘት ያለበት ሌላ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም «በሽታው ምንድን ነው? የሚነሣውስ ከየት ነው?» የሚለው ነው። ይህ ጥያቄ ሳይመለስ የሚሰጥ ክትባት ገንዘብና ጉልበት ከማባከን አልፎ በሽታው እንዲዛመት ጊዜ ይሰጠዋል። አገሪቱ ከአንድ መቶ ዓመት በላይ ካሠቃያት የደስታ በሽታ የተላቀቀችበት ሂደት ለዚህ ጉልህ ማስረጃ ነው።

የደስታ በሽታ እንዴት ጠፋ?

በአማርኛ «ደስታ» በመባል የሚታወቀው የዳልጋ ከብት በሽታ በ1880 ዓ.ም. አካባቢ ለጣሊያን ጦር በምጽዋ በኩል በገቡ ከብቶች አማካይነት ወደ አገሪቱ እንደገባ ይታመናል። በወቅቱ ከአገሪቱ የዳልጋ ከብት እስከ 90 በመቶ የሚደርሰው እንዳለቀ ይገመታል። በሬ ሲያልቅ እርሻ ቆመ፤ ድርቅና አንበጣ ሲታከልበትም እስከ 1884 ዓ.ም. የዘለቀውና «ክፉ ቀን» ተብሎ የሚታወሰው ረኀብ ተከተለ።

በሽታውን ለማጥፋት ከ1950ዎቹ አጋማሽ እስከ 1960ዎቹ መጨረሻ በበርካታ የአፍሪካ አገሮች የጋራ የክትባት ዘመቻ ተካሂዷል። ዘመቻው የበሽታውን ጉዳት በእጅጉ ቢቀንስም ቫይረሱ ርቀው በሚገኙ አካባቢዎች ተደብቆ ቆየ። ክትትሉ ሲላላ በ1970ዎቹ እንደገና አገርሽቶ ከምዕራብ እስከ ምሥራቅ አፍሪካ ተዛመተ። በዚህም ምክንያት ከ1979 ዓ.ም. ጀምሮ የመላው አፍሪካ የደስታ በሽታ ማጥፊያ ዘመቻ ሥራውን ጀመረ።

በኢትዮጵያ መጀመሪያ ላይ የተያዘው አቅጣጫ በየዓመቱ በሁሉም አካባቢ የሚገኘውን ከብት በዘመቻ መከተብ ነበር። የበሽታው ሥርጭት በጥልቀት ሲጠና ግን ቫይረሱ ዓመቱን ሙሉ የሚኖረው በተወሰኑ የቆላ አርብቶ አደር አካባቢዎች መሆኑ ታወቀ። ወደ ደጋው የሚመጣው ከእነዚሁ አካባቢዎች በንግድና በእንቅስቃሴ ምክንያት ነበር። ስለሆነም ሰፊው የደጋ ክትባት እንዲቀንስ፣ ጉልበቱና ክትባቱ ደግሞ በበሽታው መነሻ ላይ እንዲያተኩር ተወሰነ።

ከነዚህ አካባቢዎች አንዱ አፋር ነበር። ክትባቱ ማቀዝቀዣ የሚፈልግ ስለነበር ከመንገድ ርቀው ለሚንቀሳቀሱ መንጋዎች ማድረስ አዳጋች ሆኖ ቆይቷል። ሙቀትን ተቋቁሞ ያለ ማቀዝቀዣ ለሳምንታት የሚቆይ ክትባት በተገኘ ጊዜ ይህ ችግር ተቃለለ። ኅብረተሰቡ ራሱ የመረጣቸው የአፋር ተወላጆች ሠልጥነው ክትባቱን ከመንጋው ጋር እየተጓዙ ሰጡ። በአገሪቱ ለመጨረሻ ጊዜ የተረጋገጠው የደስታ በሽታ የታየውም በ1988 ዓ.ም. ነው።

ከዚያ በኋላ የተወሰደው እርምጃ ለብዙዎች አስገራሚ ሊመስል ይችላል፤ ክትባቱ እንዲቆም ተደረገ። የተከተበ ከብት ደም በሽታው ይዞት ከዳነ ከብት ደም በላቦራቶሪ ሊለይ አይችልም፤ በሁለቱም ውስጥ የሚገኘው የመከላከያ አካል (አንቲቦዲ) አንድ ነው። ስለሆነም የአገሪቱን ነጻነት ማረጋገጥ የሚቻለው ክትባት ከቆመ በኋላ የተወለዱ ከብቶችን ደም በመመርመር ብቻ ነበር። በእነዚህ ከብቶች ደም ውስጥ የበሽታው ምልክት ባለመገኘቱ የዓለም የእንስሳት ጤና ድርጅት በግንቦት 2000 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ከደስታ በሽታ ነጻ መሆኗን አወቀ። በ2003 ዓ.ም. ደግሞ በሽታው ከመላው ዓለም መጥፋቱ ታወጀ። ከሰው ልጅ ፈንጣጣ ቀጥሎ ከምድረ ገጽ የጠፋ ሁለተኛው በሽታ ይኸው ነው።

ምልክት ብቻውን ለምን አይበቃም?

ብዙ የእንስሳት በሽታዎች በውጫዊ ምልክታቸው ይመሳሰላሉ። የአፍ ቁስልና የምራቅ መዝረክረክ በደስታ በሽታም ይታይ ነበር፤ በአፍና እግር በሽታ (አፍተግር) ላይም ይታያል። በበግና በፍየል ላይ የሚከሰተው ደስታ መሰል በሽታ (ፒፒአር) ሳልና የአፍንጫ ፈሳሽ ስለሚያስከትል በተደጋጋሚ የተለመደ የሳንባ ምች ተደርጎ ይወሰዳል። የዚህ ዓይነት ስሕተት ውጤቱ ቀላል አይደለም። ፒፒአር በቫይረስ የሚመጣ በመሆኑ የፀረ ተሕዋስያን መድኃኒት አያድነውም። መድኃኒቱ እየተሰጠ በሽታው ወደ ጎረቤት መንጋ ይሻገራል።

የአፍተግር ሁኔታ ደግሞ ከዚህም የጠለቀ ምርመራ ይጠይቃል። የበሽታው ቫይረስ በዓለም ላይ ሰባት ዓይነቶች እንዳሉት ተለይቶ የታወቀ ሲሆን በኢትዮጵያም ከአንድ በላይ ዓይነቶች ይገኛሉ። ለአንዱ ዓይነት የተዘጋጀ ክትባት ከሌላው አይከላከልም። በመሆኑም የበሽታውን ስም ማወቅ ብቻ ሳይሆን ዓይነቱን በላቦራቶሪ መለየት ያስፈልጋል።

አንዳንዴም ጥንቃቄው ከምርመራው አሠራር ይጀምራል። በድንገት ሞቶ የተነፋና ከአፍንጫው ወይም ከሌላ የአካሉ ቀዳዳ የማይረጋ ደም የሚፈሰው ከብት በአባ ሰንጋ መሞቱ ሊጠረጠር ይገባል። የዚህን ከብት ሬሳ መክፈት ክልክል ነው። ሬሳው ሲከፈት ተሕዋስያኑ አየር በማግኘታቸው ለበርካታ ዓመታት በአፈር ውስጥ መኖር ወደሚችል ጠንካራ ቅርጽ ይለወጣሉ። ከብቱን ያረዱ፣ ቆዳውን የገፈፉና ሥጋውን የበሉ ሰዎችም ለሕመምና ለሞት ይጋለጣሉ። ለምርመራ የሚበቃው በባለሙያ ከጆሮ የሚወሰድ ጥቂት ደም ነው፤ ሬሳው ግን ሳይከፈት መቃጠል ወይም በጥልቅ ጉድጓድ መቀበር አለበት።

የናሙና አወሳሰድና አላላክ

ምርመራ የሚጀምረው በላቦራቶሪ ሳይሆን በበረቱ ነው። የእንስሳቱ ባለቤት ከብቱ ከመቼ ጀምሮ እንደታመመ፣ አዲስ እንስሳ ከገበያ መግባቱን፣ መንጋው የት እንደሚሰማራና እንደሚጠጣ ያውቃል። የቀበሌው የእንስሳት ጤና ባለሙያ በመንጋው ውስጥ ያሉትን፣ የታመሙትንና የሞቱትን በዕድሜና በዓይነት ለይቶ መመዝገብ ይኖርበታል። ጥጆች ብቻ ከታመሙ አንድ ነገር ይጠቁማል፤ በሁሉም ዕድሜ ያሉ እንስሳት በአንድ ሳምንት ከታመሙ ደግሞ በሽታው ለመንጋው እንግዳ ሊሆን እንደሚችል ያመለክታል።

ናሙና መወሰድ ያለበት በሽታው በቅርብ ከጀመራቸውና ትኩሳት ካላቸው እንስሳት፣ መድኃኒት ከመሰጠቱም በፊት ነው። ሊሞት ከተቃረበ ወይም ከዳነ እንስሳ ብቻ የሚወሰድ ናሙና ብዙ ጊዜ ቫይረሱን አያሳይም። ናሙናው ከአንድ በላይ ከሆኑ እንስሳት ተወስዶ፣ ምልክት ተደርጎበት፣ በበረዶ ዕቃ ውስጥ ከመረጃው ጋር በፍጥነት መላክ ይኖርበታል። እንደ ኮምቦልቻ፣ ባሕር ዳር፣ አሰላና በደሌ ባሉ ከተሞች የሚገኙ ላቦራቶሪዎች የመጀመሪያውን ምርመራ ያካሂዳሉ። ተጨማሪ ማረጋገጫ የሚያስፈልገው ናሙና በሰበታ ወደሚገኘው የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት ይላካል። የአፍሪካ ኅብረት የእንስሳት ክትባቶችን ጥራት የሚያረጋግጥበት ማዕከልም በቢሾፍቱ ይገኛል።

ውጤቱ እስኪደርስ ድረስ እጅን አጣጥፎ መጠበቅ ግን አይገባም። የታመሙትን መለየት፣ የመንጋውን እንቅስቃሴ መግታት፣ የጋራ ውኃና ግጦሽን ለጊዜው መለየትና በአካባቢው ያለውን የእንስሳት ገበያ ሁኔታ መመርመር ወዲያውኑ የሚወሰዱ እርምጃዎች ናቸው። አዲስ የተገዛ እንስሳም ጤነኛ ቢመስልም ከመንጋው ጋር ከመቀላቀሉ በፊት ለብቻው ቢቆይ ይመረጣል። የዳልጋ ከብት የሳንባ በሽታ ያገገመ ከብት ለምሳሌ በሽታውን በሳንባው ውስጥ ይዞ ለወራት ሊቆይ ይችላል።

የሪፖርት ዋጋ

በሽታን በወቅቱ ያሳወቀ ወረዳ ገበያው ሊዘጋበት፣ የሥራ አፈጻጸሙም ደካማ መስሎ ሊታይ ይችላል። በዚህ ሥጋት ምክንያት መረጃን ማዘግየት ግን ለአጎራባች ወረዳዎች በሽታን ማስተላለፍ ነው። በ1993 ዓ.ም. መጀመሪያ በሳዑዲ ዓረቢያና በየመን የስምጥ ሸለቆ ትኩሳት በተቀሰቀሰ ጊዜ የባሕረ ሰላጤው አገሮች ከአፍሪካ ቀንድ የሚገቡ የቁም እንስሳትን አግደዋል። በሽታው በኢትዮጵያ መንጋዎች ውስጥ መነሣቱ ሳይረጋገጥ የአገሪቱ አርብቶ አደሮች ገበያቸውን አጥተዋል። በገዢ አገሮች ፊት «በሽታው እኛ ዘንድ የለም» ብሎ ለመከራከር የሚያስችለው ተከታታይ የምርመራ ማስረጃ ብቻ ነው። በመሆኑም በሽታ ያልታየበት ወር ሪፖርትም ቢሆን ዋጋው ቀላል አይደለም።

ቀጣዩ ሥራ

ከደስታ በሽታ ቀጥሎ ዓለም ለማጥፋት የተነሣው ደስታ መሰሉን የበግና የፍየል በሽታ ነው። በ2007 ዓ.ም. በአቢጃን በተካሄደ ዓለም አቀፍ ጉባኤ በሽታውን እ.ኤ.አ. እስከ 2030 ለማጥፋት የሚያስችል ስትራቴጂ ጸድቋል። አንድ ጊዜ የሚሰጠው ክትባት ለዓመታት የሚያገለግል መሆኑ ሥራውን ያቃልላል። በሌላ በኩል በጎችና ፍየሎች ቶሎ ቶሎ ስለሚወልዱና ስለሚሸጡ ያልተከተቡ ግልገሎች በየወቅቱ ወደ መንጋው ይገባሉ። ስለሆነም በየቦታው በዘፈቀደ ከመከተብ ይልቅ ቫይረሱ የሚኖርባቸውን አካባቢዎች ለይቶ በእነርሱ ላይ ማተኮር የግድ ይሆናል።

ይህ ሥራ ለእንስሳት ሐኪሞች ብቻ የሚተው አይደለም። ለናሙና ማጓጓዣ የሚሆን ተሽከርካሪ የሚመድበው፣ ለማቀዝቀዣ የሚሆን በጀት የሚያጸድቀው፣ የገበያ እገዳን የሚያስፈጽመውና በሽታን በወቅቱ ያሳወቀውን ባለሙያ ከወቀሳ የሚጠብቀው የየደረጃው አስተዳደር ነው። የደስታ በሽታ የጠፋው በክትባት ብዛት ብቻ ሳይሆን በሽታው የት እንዳለ በትክክል በመታወቁ ነው። ከፊታችን ያለውን ሥራ ለማሳካትም በየደረጃው የሚገኙ ኃላፊዎች ስለ ክትባት ከመጠየቃቸው በፊት ስለ ምርመራው ውጤት መጠየቅን ልማድ ሊያደርጉ ይገባል።