የአየር ግፊት ሚዛን፦ አንዱ አገር ሲበርደው ሌላው ለምን ይሞቀዋል?

ይህን ንግግር በጆሯችሁ የሰማችሁትም ሆናችሁ፣ አሁን በወረቀት ይዛችሁ ፊደል በፊደል እየለቀማችሁ የምታነቡት፣ የዛሬው ጉዳያችን አየር ነው። አየር አይታይም፣ አይጨበጥም። ነገር ግን ክብደት አለው።

«አየር ደግሞ ምን ክብደት አለው!» የሚል አይጠፋም። ክብደቱ የሚለካበት መሣሪያ ባሮሜትር ይባላል። በ17ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ ጣሊያናዊው ቶሪቼሊ ባሰበው ፈተና ላይ ከባሕር ወለል አጠገብ ያለው አየር በመስተዋት ቱቦ ውስጥ ያለን ሜርኩሪ እስከ 76 ሳንቲ ሜትር ገደማ ከፍ አድርጎ ይዞት ተገኘ። ከበላያችን ያለው የአየር ክምር የሚጫንበት ኃይል የአየር ግፊት ይባላል። ወደ ደጋ በወጣን መጠን ከበላያችን የሚቀረው አየር ስለሚያንስ ግፊቱም ይቀንሳል። አዲስ አበባ ላይ ያለው ግፊት የባሕር ዳሩን ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ስለዚህ በደጋ ውሃ ገና ብዙ ሳይሞቅ ይፈላል፤ ባቄላውም አልበስል ብሎ ማገዶ ይፈጃል። የአየርን ግፊት እናቶች በምድጃቸው አጠገብ ዘወትር ያውቁታል ማለት ነው።

እንግዲህ ግፊት በሁሉም አገር እኩል አይደለም። የአንጥረኛን ወናፍ አስቡ። ወናፉ ሲጫኑት አየሩ ጠቦ ወደሚለቀው በኩል ይወጣል። በዓለም ላይም አየር ከፍተኛ ግፊት ካለበት ወደ ዝቅተኛ ግፊት ይሄዳል፤ ነፋስ የምንለው ይኸው ነው። ሆኖም በቀጥታ አይሄድም። መሬት ስለምትዞር በሰሜኑ የዓለም ክፍል ነፋስ ወደ ቀኙ ይታጠፋል። በዚህም ምክንያት በዝቅተኛ ግፊት ዙሪያ ከሰዓት ዘንግ በተቃራኒ፣ በከፍተኛ ግፊት ዙሪያ ደግሞ ሰዓት ዘንግ እንደሚዞረው ይዞራል። ይህችን ነገር ያዙልኝ፤ ቆይተን እንፈልጋታለን።

አንድ ነገር እናጥራ። እኛ ክረምት የምንለው ከሰኔ እስከ መስከረም ያለውን የዝናብ ወራት ነው። አውሮፓውያን ግን ብርዱና በረዶው የሚበረታበት ወራት ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ነው፤ ያ ለእኛ በጋ ነው። ዛሬ የምንነግራችሁ ስለዚያ የብርድ ወራት ነው።

በአትላንቲክ ውቅያኖስ ላይ ሁለት ጎረቤታሞች አሉ። በሰሜን፣ በአይስላንድ አጠገብ ዝቅተኛ ግፊት፤ በደቡብ፣ በአዞረስ ደሴቶች ላይ ከፍተኛ ግፊት። የሁለቱ ነገር የሚዛን ሁለት ሳህን ይመስላል። የአይስላንዱ ከወትሮው ሲወርድ የአዞረሱ ከወትሮው ይወጣል፤ ሌላ ጊዜ ደግሞ ሁለቱም ይደክማሉ፤ ልዩነታቸው ይጠባል። ይህን መዋዠቅ ሊቃውንት በአይስላንድና በፖርቱጋል፣ ለምሳሌ በሊዝበን ከተማ፣ ያለውን ግፊት በመቀነስ ይለኩታል።

ታዲያ ምን ያደርጋል? ልዩነቱ ሲሰፋ ከምዕራብ የሚነፍሰው የውቅያኖስ ነፋስ ይበረታል፤ ሰሜን አውሮፓ ለዘብ ያለና ዝናባም ይሆናል፤ ስፔንና ሞሮኮ ይደርቃሉ። ልዩነቱ ሲጠብ ነፋሱ ይደክማል፤ የምሥራቁና የሰሜኑ ብርድ አውሮፓን ይወርራል፤ ዝናቡ ወደ ደቡብ ይወርዳል። እ.ኤ.አ. በ2009 እና በ2010 መካከል በነበረው የብርድ ወራት ልዩነቱ ከተለመደው እጅግ ጠብቦ ነበር። ብሪታንያና ሰሜን አውሮፓ በበረዶ ተቀበሩ፤ ስፔንና ፖርቱጋል በዝናብ ተጥለቀለቁ። በዚያው ወራት ግሪንላንድ ከወትሮዋ ለዘብ ብላ ከረመች።

ግሪንላንድ ለምን? አሁን ያችን ያስያዝኳችሁን ነገር አውጧት። ነፋስ በአይስላንዱ ዝቅተኛ ግፊት ዙሪያ ከሰዓት ዘንግ በተቃራኒ ከዞረ፣ በስተምሥራቁ ከደቡብ ሞቃት አየር ይዞ ወደ አውሮፓ ይመጣል፤ በስተምዕራቡ ደግሞ ከሰሜን ዋልታ ብርድ ይዞ ወደ ግሪንላንድ ይወርዳል። አንዱ ጎማ ነው አንዱን የሚያሞቀው፣ ሌላውን የሚያበርደው! ጎማው ሲደክም ነገሩ ይገለበጣል። ይህን ቀደም ብለው ካሰፈሩት ሰዎች አንዱ ባለ መሣሪያ ሊቅ አልነበረም። ሐንስ ኤገደ ሶቢ የተባለ የዴንማርክ ሚስዮናዊ ከ1770 እስከ 1778 ግሪንላንድ ሲኖር ማስታወሻ ይጽፍ ነበር። ዴንማርክ ብርዱ ሲጠና ግሪንላንድ እንደሚለዝብ፣ ግሪንላንድ ሲጠና ዴንማርክ እንደሚለዝብ በማስታወሻው አሰፈረ። መጻፍ የቻለ ሰው የተስተዋለውን በወረቀት ስላኖረው ነው ዛሬ የምናውቀው።

ወደ ምሥራቅ ስንሻገር ሳይቤሪያ ላይ ሌላ ታላቅ ከፍተኛ ግፊት አለ። ምድሩ በረጅሙ ሌሊት ይቀዘቅዛል፤ የቀዘቀዘ አየር ከባድ ስለሆነ መሬት ላይ ይተኛል። አማካዩ የባሕር ወለል ግፊት 1013 ሚሊባር ሲሆን፣ በታኅሣሥ 31 ቀን 1968 እ.ኤ.አ. አጋታ በተባለ የሳይቤሪያ ቦታ ወደ ባሕር ወለል ተሰልቶ 1083.8 ሚሊባር ተመዝግቧል። ይህ አየር ሲፈስ በሰሜን ፓስፊክ፣ በአሉሺያን ደሴቶች አጠገብ ወዳለው ዝቅተኛ ግፊት ይሄዳል፤ ቻይናን፣ ኮሪያንና ጃፓንን በመንገዱ ያንቀጠቅጣል። የሚገርመው ደግሞ የአሉሺያኑና የአይስላንዱ ዝቅተኛ ግፊቶች፣ በመካከላቸው የአሜሪካ አህጉር ሳለ፣ በብርዱ ወራት ማብቂያ ላይ አንዱ ሲበረታ ሌላው የመድከም ጠባይ አላቸው።

እነዚህን ግንኙነቶች በቁጥር ያሳየው እንግሊዛዊው የሒሳብ ሊቅ ጊልበርት ዎከር ነው። ወደ ሕንድ ሄዶ በ1904 የአየር ሁኔታ መሥሪያ ቤት ኃላፊ ሆነ። ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ በ1899፣ የሞንሱን ዝናብ ቀርቶ ሕንድ በረሃብ ተመትታ ነበር። «ዝናቡ የሚቀርበትን ዓመት አስቀድሞ ማወቅ አይቻልም ወይ?» ነበር ጥያቄው። ሕንዳውያን ጸሐፊዎች የዓለምን የግፊት መዝገብ እያገላበጡ በእጃቸው አሰሉ፤ ያኔ ኮምፒዩተር የለም። በ1924 ዎከር ሦስት መዋዠቆችን ለይቶ ሰየመ፦ የሰሜን አትላንቲክ፣ የሰሜን ፓስፊክና የደቡብ። ምክንያታቸውን ግን አላወቀም፤ ቁጥሩ ነው ያሳየው። የደቡቡ መዋዠቅ ኤልኒኞ ከሚባለው የፓስፊክ ባሕር መሞቅ ጋር የተያያዘ መሆኑን ብየርክነስ የተባለ ሊቅ ያስረዳው በ1969 ነው።

ይህ ሁሉ ለእኛ ምናችን ነው? በኅዳርና በታኅሣሥ ከሰሜን ምሥራቅ የሚነፍሰው ደረቅ ነፋስ ከእስያና ከዓረብ ምድር ከፍተኛ ግፊት የሚመጣ ነው። ሰማዩ ይጠራል፤ ሌሊት ምድሩ ሙቀቱን ይለቃል፤ ጠዋት ሰብሉ ላይ ውርጭ ይገኛል። የዓረቡ ከፍተኛ ግፊት ወደ ምሥራቅ፣ ወደ ባሕሩ ሲሸሽ ደግሞ ከሕንድ ውቅያኖስ እርጥብ ነፋስ ይገባና በልግ ይዘንባል። አልሸሽ ካለ በልጉ ይከዳል። የክረምታችን ዝናብ ደግሞ ከዎከር የደቡብ መዋዠቅ ጋር የተሳሰረ ነው፤ ኤልኒኞ ሲነሣ በሰሜንና በመሃል አገር ክረምቱ የመሳሳት ጠባይ አለው። በ2007 ዓ.ም. በልጉም ክረምቱም ከዳና 10.2 ሚሊዮን ሰው አስቸኳይ የምግብ እርዳታ ፈለገ።

ይሁንና «ኤልኒኞ ተነሣ፣ እንግዲህ አበቃልን» ማለት አይደለም። ክረምቱን የሚያሳሳው ያው ኤልኒኞ በጥቅምትና በኅዳር ለቦረናና ለሶማሌ ዝናብ የሚጨምርበት ጊዜ አለ፤ በ1997 እ.ኤ.አ. ጎርፍ እስኪሆን ድረስ ዘንቧል። የሜትሮሎጂ ባለሙያዎችም ክረምት ሳይገባ የባሕሩን ሙቀት ያያሉ፤ ያለፉትን ተመሳሳይ ዓመታት ፈልገው ከዚያ ይነሣሉ። ስለዚህ በሬዲዮ «ዝናቡ ከመደበኛ በታች የመሆን ዕድሉ ያመዝናል» ሲባል ብትሰሙ፣ እንዲህ ካሉ ዓመታት የሚበዙት ደረቅ ነበሩ፣ ጥቂቶቹ ግን ደህና ነበሩ ማለት ነው። ይህን የሰማ ገበሬ መሬቱን በሙሉ ረጅም ወራት በሚፈልግ ማሽላ ከመሸፈን፣ ከፊሉን ቶሎ ለሚደርስ ጤፍ ወይም ለሽምብራ ሊያቆየው ይችላል።