ውርንጭላን መግራት ከእናቱ ይጀምራል

ውርንጭላ ከተወለደ አንድ ሁለት ሰዓት ሳይሞላው ይቆማል፤ በዚያው ቀን እናቱን ተከትሎ ይሮጣል። ቀንድም ጥፍርም የለውም። ከአውሬ የሚያድነው ቀድሞ መደንበሩና እግሩ ነው። ዓይኖቹ ከጭንቅላቱ ግራና ቀኝ ስለተቀመጡ ዙሪያውን ከሞላ ጎደል ያያል፤ የሚሰወረው ከግንባሩ ፊት ያለው ጠባብ ቦታና ከጭራው ጀርባ ያለው ነው። ስለዚህ ከኋላው ድንገት የመጣ ሰው እርግጫ ቢቀምስ ፈረሱን መውቀስ አይገባም። አዋቂ ገሪ ከጎን፣ ወደ ትከሻው አቅጣጫ፣ በዝግታ እያነጋገረው ይጠጋል።

ሰውን ማመን ግን ከዚህም ቀድሞ ይጀምራል። ፈረንሳይ ውስጥ ተመራማሪዎች የወለዱ ባዝራዎችን በመጀመሪያዎቹ አምስት ቀናት በየቀኑ ለ15 ደቂቃ ያህል ቀስ አድርገው እየቦረሹ በእጃቸው አበሏቸው። ውርንጭሎቹን አልነኩም። በ2005 እ.ኤ.አ. የታተመው ውጤት እንደሚያሳየው፣ እናቶቻቸው ሲዳሰሱ ያዩት ውርንጭሎች ከሌሎቹ ይልቅ ሰው አጠገብ ይቆሙ ነበር፤ ከኮርቻ ሥር የሚነጠፈውን ጨርቅም ቶሎ ለመዱ። ልዩነቱ ዓመት ሲሞላቸውም አልጠፋም። ግልገሉን ከእናቱ ነጥሎ፣ አንገቱን አንቆ «ሰው ይልመድ» የሚል ሰው ይህን ቢያውቅ እንዴት ደስ ባለኝ! መጀመሪያ መወዳጀት ያለበት ከባዝራዋ ጋር ነው።

ቀጥሎ የመዳሰስ ተራ ይመጣል። ፈረሶች ጎን ለጎን ቆመው ጋማው የሚያልቅበትን ቦታ፣ ከትከሻ በላይ፣ በጥርሳቸው ይተካከካሉ። ያንን ቦታ ሰው ሲያክላቸው የልብ ምታቸው ዝቅ እንደሚል በ1993 እ.ኤ.አ. የታተመ ሌላ ጥናት መዝግቧል። አንገቱን በመዳፍ መታ መታ ከማድረግ ይልቅ እዚያ ላይ በጣት ጫፍ ማከክ የተሻለ ነው። ከዚያ እጅ ቀስ በቀስ ወደ ጀርባው፣ ወደ ሆዱ፣ በመጨረሻም ወደ እግሩና ወደ ሰኮናው ይወርዳል።

የሥራው ሁሉ እምብርት ግን እጅን የማንሳት ጊዜ ነው። ገመዱ ሲሳብ ውርንጭላው አንድ እርምጃ ወደፊት ቢራመድ፣ ገመዱ በዚያው ቅጽበት መላላት አለበት። የሚማረው ከዚያ እፎይታ ነው። ሰውየው አንድ አፍታ ቢዘገይና ውርንጭላው ሲታገል ገመዱ ቢላላ፣ መታገል እንደሚያዋጣ ተማረ ማለት ነው። በመዳሰስም እንዲሁ ነው፤ ሲፈራ እጅን ከመንጠቅ ባለበት አቆይቶ፣ ሲረጋጋ ማንሳት። ጭንቅላቱን ዝቅ ካደረገ፣ ከንፈሩ ከላላ፣ ጆሮው ወደ ሰውየው ከዞረ እየረጋ ነው። ጭራውን ሸጉጦ፣ አንገቱን አቅንቶ የዓይኑን ነጭ ካሳየ ግን ለዚያ ቀን ይበቃዋል።

ይህ አዲስ ግኝት አይደለም። ከክርስቶስ ልደት በፊት በአራተኛው ክፍለ ዘመን አቴናዊው ዜኖፎን ስለ ፈረስ አያያዝ በጻፈው መጽሐፍ፣ ግልገሉ ረሃብን፣ ጥማትንና የዝንብን ሥቃይ ከብቸኝነት ጋር፣ ምግብን፣ ውኃንና እፎይታን ደግሞ ከሰው መምጣት ጋር እንዲያያይዝ መክሯል። ተቆጥቶ ወደ ፈረስ መቅረብንም አጥብቆ ይከለክላል። ግልገሉ በሕዝብ መካከል እየተመራ እንዲያልፍ፣ ድምፁንም ግርግሩንም እንዲለምድ ይፈልጋል።

የዚህ ምክር ጥቅም በየዓመቱ ጥር 23 የአገው ፈረሰኞች በሚሰባሰቡባት እንጅባራ በግልጽ ይታያል። በዚያ ሁሉ ሆታ መካከል የሚሰለፍ ፈረስ ፍርሃቱን በአለንጋ የዋጠ ከሆነ አንድ ቀን ይፈነዳል። ተመትቶ የተሰበረ ፈረስም ዝም ይላልና ብዙዎች እንደተገራ ይቆጥሩታል፤ እኔ ግን ተስፋ የቆረጠ ነው እላለሁ።

የመጋለብ ችኮላ ደግሞ ሌላው በደል ነው። የፈረስ አከርካሪ አጥንት ጠንክሮ የሚያበቃው አምስት ዓመት ካለፈው በኋላ ነው። የሁለት ዓመት ግልገል ላይ ሙሉ ሰው መቀመጥ ወይም ጋሪ ማስጎተት እስከ ዕድሜው ማብቂያ የሚከተለው ሕመም ሊያተርፍለት ይችላል። እስከዚያ የሚሠራ ሞልቷል፦ በልባብ መመራት፣ እግር ማንሳት፣ ባዶ ኮርቻ መልመድ። ኮርቻውን ከመጫን በፊት ማስሸተት፣ የሆዱን ጠፍር ደግሞ በአንድ ጊዜ ሳያጠብቁ በየመሀሉ እያራመዱት ደረጃ በደረጃ ማጥበቅ ያስፈልጋል።