ከሲንኩ ሥር የሚቀረው ውሃ

እናቴ ቤት ያለው የእንግዳ መታጠቢያ ቤት ለወራት ተዘግቶ ከርሞ ሲከፈት ሽታው አላስገባ አለን። ቱቦው ቢሰበር ነው፣ እንግዲህ ሴራሚኩ ሊነሳ ነው ብለን ተጨንቀን ቧንቧ ሠራተኛ አስጠራን። ወጣቱ ወለሉ ላይ ያለውን የውሃ መውረጃ በባትሪ አየና «እማማ፣ አንድ ጆግ ውሃ ያምጡልኝ» አለ። አፈሰሰው፣ መስኮቱን ከፈተው፣ ሌላ ምንም አልነካም። የቀረበለትን ሻይ ጠጥቶ ሲነሳ ሽታው ለቅቆ ነበር። «ልጄ፣ ይኸው ነው?» አለች እናቴ፣ ማመን አቅቷት።

ይኸው ነበር። ነገሩን ለመረዳት ወጥ ቤት ሲንክ ሥር ጎንበስ ማለት ይበቃል። እዚያ ቱቦው ቀጥ ብሎ አይወርድም፤ ይወርድና ሽቅብ ታጥፎ ነው ወደ ግድግዳው የሚገባው። ሲፎን የምንለው ይህንን እጥፋት ነው። ዕቃ ታጥቦ ሲያበቃ የመጨረሻው ውሃ እዚያ ይቀራል፤ ከፍታው ከ5 እስከ 10 ሳንቲ ሜትር ቢሆን ነው። ከወዲህ ቤታችን፣ ከወዲያ የፍሳሽ መስመሩና ጉድጓዱ አለ፤ የበሰበሰ እንቁላል የሚሸተውን ጋዝ ከማዕዳችን የሚለየው ያ ጥቂት ውሃ ብቻ ነው። ለወራት ያልተነካ መውረጃ ውስጥ ያለው ውሃ ተንኖ ያልቃል፤ በሩም ወለል ብሎ ይከፈታል። የእናቴ ቤት ችግር ይህ ነበር።

እጥፋቱን በ1775 እ.ኤ.አ. ለንደን ውስጥ ለሽንት ቤት የፈጠራ መብት ያወጣበት አሌክሳንደር ከሚንግ ስኮትላንዳዊ ሰዓት ሠሪ ነበር። እጥፋቱ የሚሽከረከርም የሚሰበርም ነገር የለውም፤ ለኔ ከሰዓቱ ሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀኝ ይህ ነው።

ጠላቱ ግን ብዙ ነው። የወጥ ቅባት ትኩስ እያለ እንደ ውሃ ይፈስሳል፣ ቱቦው ውስጥ ሲበርድ ይረጋል፤ የቡና አተላና የሊጥ ትራፊ እላዩ ላይ ይለጠፋሉ። ሌላም አለ። ፎቅ ላይ ሽንት ቤት ሲለቀቅ የእናንተ ሲንክ ጉል ጉል የሚል ከሆነ፣ የሚወርደው ውሃ አየር አጥቶ የእናንተን ሲፎን እየመጠጠ ነው። ጣሪያ ላይ አፉን ከፍቶ የሚቆመው ቱቦ ይህን አየር እንዲያስገባ የተሠራ ነው፤ ወጪ ለመቀነስ ተብሎ ሲቀር መዘዙን የሚቀምሰው ነዋሪው ነው።

ከፍሳሹ ወደ ንጹሕ ውሃው መስመር ስንሻገር፣ አዲስ አበባ ላይ ነገሩ ከፈረቃና ከሮቶ አይለይም። ውሃ በ10 ሜትር ከፍታ ልዩነት 1 ባር ያህል ግፊት ይሰጣል። ሮቶው ከሻወሩ በላይ 3 ሜትር ላይ ከተቀመጠ የምናገኘው የዚያን ሲሶ ነው። ስለዚህ ምድር ቤት ውሃው ሲንፎለፎል የላይኛው ፎቅ ሻወር ይንጠባጠባል፤ ጥፋቱ የሻወሩ ራስ አይደለም። ይህን ሳያሰላ ዕቃ ቀይሩ የሚል ሰው ገንዘባችሁን ነው የሚያባክነው።

የድሮው የብረት ቧንቧ ከውስጥ እየዛገ ይጠብብ ነበር። አሁን በየግቢው የሚዘረጋው ፒፒአር አይዝግም፤ መጋጠሚያው በ260 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ግሎ፣ ለጥቂት ሰከንድ ለስልሶ ነው የሚገጣጠመው። ሰከንዱ ካነሰ ይለቃል። ከበዛ ደግሞ የቀለጠው ፕላስቲክ ወደ ውስጥ ገብቶ ቀዳዳውን ይደፍነዋል፤ ከውጭ ሲያዩት ግን ያማረ ነው። በእጁ የሚተማመን ሠራተኛም ቢሆን ዓይኑን ብቻ አያምንም።

ለዚህ ነው ሴራሚክ ከመለጠፉ በፊት መስመሩ ሁሉ ተደፍኖ፣ ውሃ ተሞልቶ፣ በእጅ ፓምፕ ከዕለት ተዕለቱ በላይ ግፊት ተሰጥቶት የሚያድረው። ባለቤቱ ቸኩሎ ይህን ሌሊት እንዳያስቀረው እለምናለሁ። ጠዋት የመለኪያው መርፌ በነበረበት ካለ ለሴራሚክ ለጣፊው ይደወልለታል። ወርዶ ከተገኘ ሲሚንቶው ከከረጢቱ አይወጣም፤ ሠራተኛው መጋጠሚያዎቹን አንድ በአንድ በጣቱ እየዳሰሰ እርጥቡን ይፈልጋል።