ጓል በብርጭቆ ውሃ

ሁለት ብርጭቆ ውሃ፣ ሁለት ደረቅ ጓል። አንዱ ጓል በየዓመቱ ደጋግሞ ከሚታረስ ማሳ የተነሣ ነው፤ ሌላው ማረሻ ከማይደርስበት ከድንበሩ ሣር ሥር። ሁለቱም ቀስ ተብለው ውሃው ውስጥ ይገባሉ። የማሳው ጓል አረፋ ይተፋና ይናዳል፣ ውሃውም ወዲያው ይደፈርሳል። የድንበሩ ጓል ሥርና ብስባሽ ስላያያዘው እንደተቀመጠ ይቆያል። የቦርከና ወንዝ በክረምት ለምን እንደሚደፈርስ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አላውቅም።

የመስክ ቀን የሚባለው እንዲህ ያለው ነገር በዓይን የሚታይበት ጉብኝት ነው። ሰብሉ ሊደርስ ሲል ገበሬዎች፣ የልማት ጣቢያ ሠራተኞችና ተመራማሪዎች አንድ ማሳ ላይ ይገናኛሉ፤ ጓሮው ውስጥ ጎመንና ቃሪያ የሚተክል የከተማ ሰውም ቢመጣ የሚከለክለው የለም። ከአዲስ አበባ 325 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ ደሴ መንገድ ላይ ባለችው ከሚሴ ዙሪያ ሲሆን በሽማግሌዎች ዱዓ ይጀመራል፣ ወሬውም ከኦሮምኛ ወደ አማርኛ ይመላለሳል። ባነሩንና ንግግሩን እንዝለለው።

በእንዲህ ያለ ቀን የሚሰማው አፈርን መልሶ የሚያለማ እርሻ ምክር አጭር ነው፦ ማረሻ ቀንስ፣ መሬት አታራቁት፣ ሰብል አፈራርቅ። የመጨረሻው ለዚህ አገር ሰው አዲስ አይደለም። ለማፈራረቅ የሚዘራው ማሾ በሁለት ወር ተኩል ገደማ ይደርሳል፣ ሥሩም ከአየር ናይትሮጅን ይይዛል። በ2006 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ምርት ገበያ ውስጥ ከገባ ወዲህ ደግሞ ገንዘብ ነው፤ ገበሬን ከናይትሮጅን ይልቅ ዋጋው ያሳምነዋል፣ ልክም ነው።

ማረሻው ላይ ግን ክርክር ይነሣል። የተዘራው ማሽላ ጉልበት ሲደርስ በሬ ተጠምዶ መሃል ለመሃል ይታረሳል፤ ሽልሻሎ ይሉታል። አረሙ ይገለበጣል፣ የተጨናነቀው ቡቃያ ይሳሳል፣ ትልሙም ዝናብ ያቁራል። ሽልሻሎን ተው የሚል ባለሙያ የገበሬውን ሦስት ሥራ በአንድ ቃል እየቀማው ነው።

ከሁሉ የከበደው የማሽላው አገዳ ነው። መሬቱን አልብሱት ሲባል አንድ ሰው ሁሌም ይጠይቃል፦ “ከብቴስ ምን ይብላ?” አገዳ መኖ ነው፣ ማገዶ ነው፣ አጥር ነው። በዚያ ላይ የጨፋ ረግረግ ለከሚሴ ቅርብ ነው፤ በበጋ የአፋር፣ የኦሮሞና የአርጎባ ከብት ሣርና ውሃ ፍለጋ ወደዚያ ይወርዳል። አጨዳ ካበቃ ማሳ የጋራ ግጦሽ መሆኑም የቆየ ልማድ ነው። ስለዚህ አንድ ጎበዝ ገበሬ አገዳውን ማሳው ላይ ቢተወው ለጎረቤት ከብት ተወው ማለት ነው። በሰርቶ ማሳያ ማሳ ላይ የሚሳካው ነገር ብዙውን ጊዜ የሚሳካው አጥር ስላለው ነው። እንግዳ ሆኜ ብሄድ መጀመሪያ የምጠይቀው ስለ አጥሩ ነው።

ከማያቸው መፍትሔዎች ልቤ የሚያዘነብለው ዴስሞዲየም ወደሚባለው የመኖ ተክል ነው። የማሽላን ሥር የሚመጥ አቀንጭራ የሚባል ሐምራዊ አበባ ያለው ጠላት አለ። ዘሩ አፈር ውስጥ ከአሥር ዓመት በላይ ተኝቶ ይቆያል፤ የሚነቃው እንደ ማሽላ ያለ ተክል ሥር የሚያመነጨው ንጥረ ነገር ሲነካው ነው። አፈሩ ፎስፈረስ ሲያጣ ሥሩ ይህን ነገር አብዝቶ ስለሚለቅ አቀንጭራ በደከመ መሬት ላይ ይበረታል። አቀንጭራን የሚቋቋም ማሽላ ያገኙት ፕሮፌሰር ገቢሳ እጄታ ለዚህ ሥራቸው እ.ኤ.አ. በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን ተቀብለዋል። ዴስሞዲየም ደግሞ በማሽላው መሃል ተዘርግቶ የአቀንጭራን ዘር ያለ ጊዜው ያበቅልና የሚጣበቅበት ሥር ያሳጣዋል። መሬቱንም ያለብሳል፤ ታጭዶ ለከብት ይሰጣል። “ከብቴስ ምን ይብላ?” ለሚለው ቢያንስ ግማሽ መልስ ነው።

የአፈሩ መታጠብ ወሎ ውስጥ በቁጥር ሲለካ ቆይቷል። ደሴ አቅራቢያ ማይባር ላይ እ.ኤ.አ. ከ1981 ጀምሮ ከማሳ የሚታጠበው አፈር ይመዘን ነበር። ብርጭቆው ግን ሚዛን አያስፈልገውም።

ዴስሞዲየም በግንድ ቁራጭም ይራባል። የጓሮ ሰው ደግሞ ካየው ተክል ቁራጭ ሳይለምን አይሄድም። መመለሻው ሲደርስ እርጥብ ጆንያ ይፈለጋል፣ መኪናው ቆሞ ይጠብቃል፣ ሾፌሩ ጥሩምባ ይነፋል።