ከግጭቱ ይልቅ የመልበሻ ክፍሉ

ኮቪድ-19 ዓለምን ባዳረሰበት በ2020 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታትና ወራት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የአሜሪካ ትምህርት ቤቶችን ካስጨነቁ ጥያቄዎች አንዱ የፉትቦል ጉዳይ ነበር። ፉትቦል ስል አሜሪካኖቹ ሄልሜት ደፍተው፣ ትከሻቸውን በመከላከያ አጥረው፣ ሞላላውን ኳስ ይዘው የሚጋጩበትን ጨዋታ ማለቴ ነው። በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በዓመት አንድ ሚሊዮን ገደማ ተማሪዎች ይጫወቱታል። በዚያ ዓመት መልሱ እንደየግዛቱ ተለያየ። ዩታ በኦገስት አጋማሽ ጨዋታ ጀመረች። ሚሺጋንና ሚኒሶታ መጀመሪያ ለቀጣዩ ዓመት ካሸጋገሩት በኋላ በሴፕቴምበር ሐሳባቸውን ቀይረው ሜዳ ከፈቱ። ካሊፎርኒያ፣ ቨርጂኒያና የዋሽንግተን ግዛት ደግሞ እስከ 2021 መጀመሪያ አቆዩት። ከእነዚህ ግዛቶች አብዛኞቹ ኢትዮጵያውያን በብዛት የሚኖሩባቸው ስለሆኑ፣ ልጁ ይጫወት ወይስ ይቅር የሚለው ክርክር አማርኛ በሚነገርባቸው ቤቶችም ነበር።

አብዛኛው ሰው አደጋውን ያየው ግጭቱ ላይ ነው። በሜይ 2020 የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶችን ስፖርት የሚመራው ብሔራዊ ፌዴሬሽን ስፖርቶችን ከፍተኛ፣ መካከለኛና ዝቅተኛ ስጋት ያለባቸው ብሎ ሲመድብ፣ ፉትቦልን ከትግል ጋር ከፍተኛው መደብ ውስጥ አስገባው። ሃያ ሁለት ወጣቶች እያለከለኩና በላብ ተጠምቀው አንዱ በሌላው ላይ ሲከመሩ ላየ ሰው ምደባው ትክክል ይመስላል። ከዚያ ወዲህ የተሰበሰበው መረጃ ግን ወደ ሌላ ቦታ ያመለክታል። በእኔ እምነት በወረርሽኝ ጊዜ የአንድን ቡድን ደኅንነት በዋናነት የሚወስነው ከጨዋታው በፊት፣ በእረፍቱ ሰዓትና ከጨዋታው በኋላ በተዘጋ ክፍል ውስጥ የሚሆነው ነው። ይህን ያልተረዳ ትምህርት ቤት ሜዳውን ቢዘጋም ልጆቹን ላያድን ይችላል፤ የተረዳ ግን ሜዳውን ከፍቶም ሊጠብቃቸው ይችላል።

ለምን እንደዚያ እንደሚሆን ለማወቅ ከትንፋሽ መነሳት ያስፈልጋል። አንድ ሰው አርፎ ሲቀመጥ በደቂቃ ከ6 እስከ 8 ሊትር አየር ያስገባል፣ ያስወጣል። በከባድ እንቅስቃሴ ጊዜ ይህ ከ60 ሊትር ያልፋል፤ ጠንካራ ወጣት ላይ 100 ሊትርም ሊደርስ ይችላል። በቫይረሱ የተያዘ ሰው ሲተነፍስ፣ ሲያወራና ሲጮህ ከሚወጡት የምራቅ ቅንጣቶች ትልልቆቹ ቶሎ መሬት ይወድቃሉ። ጥቃቅኖቹ ግን አየር ላይ ይንሳፈፋሉ፤ ለምን ያህል ጊዜ እንደሚቆዩ የሚወስነው ቦታው ነው። ቡና ሲፈላ የሚጨሰውን እጣን ማሰብ ይበቃል። በሩ ተዘግቶ ከጨሰ ጥግ ላይ የተቀመጠው ሰው ሳይቀር ይሸተዋል፤ ደጅ ከጨሰ ግን ጥቂት እርምጃ ለራቀው ሰው እንኳ ላይደርሰው ይችላል። በማርች 2020 በዋሽንግተን ግዛት በስካጂት አውራጃ አንድ የመዘምራን ቡድን አዳራሽ ውስጥ ለሁለት ሰዓት ተኩል ልምምድ አድርጎ ነበር። ከተገኙት 61 ሰዎች 53ቱ በምርመራ በተረጋገጠ ወይም በምልክቱ በተገመተ ኮቪድ ታመሙ፤ ሁለቱ ሞቱ። እዚያ ማንም ማንንም አልገፋም፤ ሰዎቹ አንድ አየር እየተጋሩ ዘመሩ እንጂ። በዚያው ዓመት መጨረሻ የወጣ ጥናቶችን የገመገመ ሥራም ከተመዘገቡት መተላለፎች ከቤት ውጭ የሆኑት ከ10 በመቶ እንደማይበልጡ፣ ቤት ውስጥ የመተላለፍ ዕድሉም 19 እጥፍ ገደማ ከፍ እንደሚል አሳይቷል።

እስቲ ጨዋታውን በዚህ ዓይን እንየው። አንድ የሁለተኛ ደረጃ ጨዋታ እያንዳንዳቸው 12 ደቂቃ የሆኑ አራት ክፍሎች አሉት፤ ኳሱ በእርግጥ የሚንቀሳቀሰው ግን በሰከንዶች እየተቆራረጠ ነው። የፊት መስመር ላይ የሚሰለፈው ወፍራም ልጅ ጎንበስ ብሎ አንድ እጁን ሣሩ ላይ ያሳርፋል። ኳሱ ሲነሳ ከፊቱ ካለው ተጋጣሚ ጋር ሄልሜት ለሄልሜት ይገናኛል፤ አምስት ሰከንድ ያህል ይገፋፋሉ፤ ፊሽካ ሲነፋ ይላቀቃሉ። በአንድ ምሽት 60 ጊዜ ቢጋፈጡ ድምሩ 5 ደቂቃ ነው፤ እሱም ነፋስ በሚያልፍበት ሜዳ ላይ። አሁን ደግሞ እረፍቱን አስቡ። ደንቡ የሚሰጠው 15 ደቂቃ ነው። ሃምሳ የሚሆኑ ልጆች አየር በማይገባበት መልበሻ ክፍል ታጭቀው፣ ሄልሜታቸውን አውልቀው፣ ትንፋሻቸው ገና ሳይመለስ፣ አሰልጣኙ ድምፁን ከፍ አድርጎ ስህተታቸውን ሲነግራቸው ይቆያሉ። የአሜሪካ የበሽታዎች መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል፣ ማለትም ሲዲሲ፣ በዚያ ጊዜ የቅርብ ንክኪ የሚለው በ24 ሰዓት ውስጥ ተደምሮ 15 ደቂቃ የሞላ ቅርበትን ነበር። መስመሩ ላይ የሚጋጨው ልጅ ከተጋጣሚው ጋር ምሽቱን ሙሉ ያልሞላውን መለኪያ ከገዛ ጓደኞቹ ጋር በእረፍቱ ብቻ ይሞላዋል። በዚህ ላይ መስኮቱ የተዘጋ አውቶቡስ፣ የክብደት ማንሻ ክፍሉና ከድል በኋላ የሚበላው ፒዛ አሉ።

ይህ ስሌት ብቻ እንዳይሆን መረጃውንም እንይ። በዊስኮንሲን ተመራማሪዎች በ2020 መኸር ስፖርት የጀመሩ 207 ትምህርት ቤቶችን ጠይቀው ነበር። ተጫዋቾቹ ከ30,000 በላይ፣ ልምምዱ ወደ 17,000 የሚጠጋ፣ ውድድሩ ከ4,300 በላይ ነበር። ፉትቦልን ጨምሮ በሁሉም ስፖርቶች የተያዙት 271 ተማሪዎች ናቸው። ምንጩ ከታወቀላቸው 209 ውስጥ 55 በመቶው ቤታቸው፣ 41 በመቶ ገደማው ከትምህርት ቤትና ከስፖርት ውጭ በሌላ ቦታ ተይዘዋል። በስፖርቱ ተያዘ የተባለው አንድ ተማሪ ብቻ ነው።

ጠንቃቃ አንባቢ እዚህ ላይ ያስቆመኛል፤ ማስቆሙም ተገቢ ነው። ቁጥሩን ያቀረቡት የትምህርት ቤቶቹ የስፖርት ኃላፊዎች ናቸው፤ ተጫዋቾቹ በየጊዜው አይመረመሩም ነበር። ወጣቶች ደግሞ ብዙ ጊዜ ምልክት ሳያሳዩ ቫይረሱን ይዘው ይዞራሉ። ስለዚህ "አንድ ብቻ" የሚለው ቁጥር ከእውነታው ማነሱ አይቀርም። ይህን ጉድለት ለመሙላት በየጊዜው ምርመራ ወደተደረገበት ቦታ መሄድ ይሻላል፤ እሱም የሙያተኞቹ ሊግ ኤንኤፍኤል ነው። ከኦገስት 9 እስከ ኖቬምበር 21 ቀን 2020 ባለው ጊዜ ሊጉ 11,400 በሚሆኑ ተጫዋቾችና ሠራተኞች ላይ ከ620,000 በላይ ምርመራ አድርጎ በ329 ሰው ላይ ቫይረሱን አግኝቷል። ተጫዋቾቹም ሠራተኞቹም ማን ከማን ጋር ምን ያህል እንደተቀራረበ የሚመዘግብ መሣሪያ ያደርጉ ነበር። በመኸሩ መጀመሪያ በአንድ ክለብ ውስጥ 21 ሰዎች ሲያዙ፣ መዝገቡ ከተያዙት አንዳንዶቹ ከማንም ጋር በአንድ ጊዜ 15 ደቂቃ እንዳልቆዩ አሳየ። ሊጉ ከዚያ በኋላ ንክኪን በደቂቃ ብቻ መለካት ትቶ ማስክ ነበር ወይ፣ ክፍሉ አየር ያገኛል ወይ፣ ምን ያህል ተቀራርበው ነበር ብሎ መጠየቅ ጀመረ። ስብሰባዎች በቪዲዮ ወይም ደጅ እንዲሆኑ፣ ምግብም አንድ ላይ እንዳይበላ አደረገ። ሜዳ ላይ ከተጋጣሚ ወደ ተጋጣሚ ተላልፏል የሚያሰኝ ማስረጃ ግን የሊጉ ሐኪሞች አላገኙም። ይህ የእኔንም ስሌት ያርመዋል። 15 ደቂቃ አስማታዊ ድንበር አይደለም፤ በተዘጋ ክፍል ከዚያ ያነሰም ይበቃል።

ሁለተኛው ተቃውሞ ይበልጥ ይከብዳል። ስፖርት ራሱ በሽታ እንዳስተላለፈ የሚያሳዩ ጉዳዮች አሉ። በጁን 2020 በፍሎሪዳ ታምፓ አካባቢ 22 ሰዎች አዳራሽ ውስጥ የበረዶ ሆኪ ተጫወቱ። አንዱ በማግስቱ ታመመ፤ በጥቂት ቀናት ውስጥ ከቀሩት 21 ተጫዋቾች 13ቱና አንድ የአዳራሹ ሠራተኛ የበሽታው ምልክት ታየባቸው። በዚያው ዓመት ዲሴምበር እዚያው ፍሎሪዳ በተደረገ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች የትግል ውድድር ከ130 ተሳታፊዎች የተመረመሩት 54 ብቻ ሲሆኑ፣ ከእነሱ 38ቱ ቫይረሱ ተገኝቶባቸዋል። ከተያዙት ጋር ንክኪ የነበራቸው አንድ አዋቂም ሞተዋል። ታጋዮች ፊት ለፊት ተቃቅፈው ለደቂቃዎች ስለሚቆዩ ግጭቱ ምንም ድርሻ የለውም ማለት አልችልም። ሁለቱም ግን ጣሪያ ሥር መሆናቸው ሊዘነጋ አይገባም። ፉትቦልን ከትግል ጋር በአንድ መደብ ማስገባት አካላዊ ንክኪውን ቆጥሮ አየሩን የረሳ ምደባ ነው።

ከዚህ የሚከተለው ተግባራዊ ነገር ብዙ ትምህርት ቤቶች ካደረጉት ይለያል። ኳስ በየእረፍቱ በአልኮል መወልወልና በር ላይ ሙቀት መለካት ለዓይን ይታያል፤ ወላጅንም ያጽናናል። ሲዲሲ በኤፕሪል 2021 እንዳስታወቀው ግን የተበከለ ዕቃ በመንካት የመያዝ ዕድሉ ከ10,000 አንድ እንኳ አይሞላም። ሙቀት መለኪያም ምልክቱ ከመታየቱ ሁለት ቀን በፊት የሚያስተላልፈውን ልጅ አይይዝም። ያንን ጉልበት የእረፍቱን ንግግር ወደ ሜዳው ጥግ ለማውጣት፣ የአውቶቡሱን መስኮት ለመክፈት፣ ልጆቹ ቤታቸው ለብሰው እንዲመጡ ለማድረግና የክብደት ማንሻውን ደጅ ለማውጣት ማዋል ይሻላል። አንዳቸውም ብዙ ገንዘብ አይጠይቁም። ምርመራም ይረዳል። ዩታ ከኖቬምበር 2020 እስከ ማርች 2021 ወደ 60,000 የሚጠጉ ተማሪዎችን እየመረመረች ስታጫውት 3.2 በመቶው ቫይረሱ ተገኝቶባቸዋል፤ ከታቀዱት ውድድሮችም 95 በመቶ ገደማው ተካሂደዋል።

ከሁሉም በላይ ግን በአካባቢው ያለው የሥርጭት መጠን ይወስናል። የሁለት ቡድን ተጫዋቾችና አሰልጣኞች 80 ሰው ቢሆኑና በከተማው ከ1,000 ሰው አንዱ ቫይረሱን ቢይዝ፣ ከ80ው ቢያንስ አንዱ ተይዞ ሜዳ የመግባት ዕድሉ 8 በመቶ ገደማ ነው። ከ100 ሰው አንዱ ከያዘ ግን ዕድሉ 55 በመቶ ይሆናል። ካሊፎርኒያ በፌብሩዋሪ 2021 ፉትቦል ስትፈቅድ ከ100,000 ነዋሪ በቀን የሚያዘው ከ14 የማይበልጥባቸውን አውራጃዎች ብቻ መምረጧ፣ ከ7 በላይ በሆነበትም ሳምንታዊ ምርመራ ማስገደዷ ከዚህ ሒሳብ ጋር ይስማማል። ቁጥሩ ከፍ ሲል ማቆም ከፍርሃት የመጣ ውሳኔ ተደርጎ መታየት የለበትም።

"ወጣት ነው፤ ቢይዘውም ይሻለዋል" የሚሉ ነበሩ። ብዙውን ጊዜ እውነት ነው። ሆኖም ቢግ ቴን በተባለው የዩኒቨርሲቲዎች ሊግ ከኮቪድ ያገገሙ 1,597 ስፖርተኞች የልብ ምርመራ ሲደረግላቸው 37ቱ፣ ማለትም 2.3 በመቶው፣ የልብ ጡንቻ ብግነት ምልክት ታይቶባቸዋል፤ አብዛኞቹም ሕመም አይሰማቸውም ነበር። ስለዚህ ያገገመ ልጅ ወደ ሜዳ የሚመለሰው ሐኪም አይቶት፣ ደረጃ በደረጃ መሆን አለበት። ደግሞም ልጁ ብቻውን አይኖርም። ብዙዎቻችን ቤት አያት አለች፤ ስኳር ወይም ደም ግፊት ያለበት አባት አለ። የዊስኮንሲኑ ጥናት ቤት ዋናው የመተላለፊያ ቦታ መሆኑን ሲያሳይ መንገዱ በሁለቱም አቅጣጫ እንደሚሄድ ልብ ማለት ያስፈልጋል።

በዚህ ሁሉ ክርክር መሐል የተረሳ ሌላ አደጋ ነበር። ልጆቹ ከማርች ጀምሮ ለወራት ቤት ተቀምጠው በጁላይና በኦገስት ሐሩር ሙሉ ልምምድ ውስጥ ገቡ። ሙቀት ያልለመደ፣ ጉልበቱ የወረደ ልጅ ሄልሜትና መከላከያ ለብሶ ሲሮጥ የሰውነቱ ሙቀት ከ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አልፎ ራሱን ሊስት፣ ሊሞትም ይችላል። የአሜሪካ የስፖርት ሕክምና ባለሙያዎች ከ2009 ጀምሮ የሚመክሩት ግልጽ ነው። ልምምዱ በ14 ቀናት ውስጥ ቀስ በቀስ ይጠንክር፤ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሙሉ መከላከያ አይለበስ፤ በሙቀት የወደቀ ልጅ ሆስፒታል ከመወሰዱ በፊት በበረዶ ውሃ ገንዳ ይቀዝቅዝ። የጠፋውን ጊዜ ለማካካስ ይህን ማሳጠር፣ ወይም ቫይረስ ፈርቶ ገንዳውን ማስቀረት፣ ልጅን ከአንድ ሞት አድኖ ለሌላው መስጠት ነው።

ታዲያ ይህ ሁሉ ጣጣ ካለው ለምን ጨርሶ አይቀርም? ብዙ ቤተሰብ ይህን ብሎ ልጁን አስቀርቷል፤ አልፈርድበትም። ግን ማስቀረትም ዋጋ አለው። በዊስኮንሲን በሜይ 2020 ከ3,000 በላይ ተማሪ ስፖርተኞችን የጠየቀ ጥናት ጭንቀትና ድብታ ከቀድሞው እጅግ ከፍ ብሎ አግኝቷል። ከጨዋታ የቀረ ወጣት ቤቱ ተቆልፎም አይቀመጥም፤ ጓደኞቹን የሚያገኘው አሰልጣኝና ደንብ በሌለበት ሳሎን ውስጥ ነው። የተያዙት ልጆች አብዛኞቹ ከስፖርት ውጭ መያዛቸውን ካስታወስን፣ ክፍት ሜዳ ላይ በደንብ መጫወት ከዚያ የሚሻልበት ጊዜ ብዙ ነው።

ወረርሽኝ ተመልሶ ሲመጣ፣ ወይም በየዓመቱ ጉንፋኑ ሲበረታ፣ ልጃችሁ የሚጫወትበት ትምህርት ቤት በወቅቱ መክፈቻ ስብሰባ ሲጠራ አትቅሩ። የእረፍቱ ሰዓት የት እንደሚያልፍ፣ አውቶቡሱ መስኮቱ ይከፈት እንደሆነ፣ የመጀመሪያዎቹ 14 ቀናት ልምምድ እንዴት እንደተደለደለ፣ የበረዶ ውሃ ገንዳው የት እንደሚቀመጥ ጠይቁ። ልጁም ሲያመው እንዳይደብቅ፣ ቢቀር ከቡድኑ እንደማይባረር አሰልጣኙ ራሱ እንዲነግረው አድርጉ። እንግሊዝኛው ባይመቻችሁ ትምህርት ቤቱ በምትረዱት ቋንቋ እንዲያነጋግራችሁ አስተርጓሚ ጠይቁ።